የፀሐይ ፍንዳታን የኤክስሬይ ፖላራይዜሽን መለካት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ቢወጣ እንኳ ግን ከፀሐይ የሚመጣ ኤክስሬይ አይገኝም፤ አየሩ ከላይ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ መለኪያው በሳተላይት ወይም በግዙፍ ፊኛ ወደ ላይ መውጣት አለበት።

በፀሐይ ፍንዳታ ጊዜ የመግነጢስ ኃይል ኤሌክትሮኖችን ይወነጭፋል። ኤሌክትሮኖቹ ጥቅጥቅ ካለው የፀሐይ ከባቢ ጋር ሲጋጩ ኤክስሬይ ይወጣል። በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ከመጡ የኤክስሬዩ ንዝረትም ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ፖላራይዜሽን የሚባለው ይህ ነው። ድምቀትን ብቻ የሚለካ መሣሪያ የኤሌክትሮኖቹን አካሄድ በቀጥታ አይነግረንም። ፖላራይዜሽንን ለመለካት የሚለፋውም ለዚህ ነው።

ለከፍተኛ ጉልበት ኤክስሬይ ዋናው ዘዴ የኮምፕተን ብተና ነው። ፎቶኑ (የኤክስሬዩ ቅንጣት) መጀመሪያ እንደ ቤሪሊየም ወይም እንደ ሲንቲሌተር ፕላስቲክ (ጨረር ሲመታው ብልጭ የሚል ፕላስቲክ) ያለ ቀላል ቁስ ይመታል። ከዚያ ነጥሮ በዙሪያው ካሉት ዲቴክተሮች (ፎቶን የሚይዙ መቁጠሪያዎች) አንዱ ላይ ያርፋል። ይበልጥ የሚነጥረው ንዝረቱን በቀጤ ማዕዘን ወደሚያቋርጠው አቅጣጫ ነው። በየአቅጣጫው ተቆጥሮ አንዱ ወገን ከበለጠ ምልክቱ ተገኘ ማለት ነው።

ጣጣው እዚህ ጋ ይጀምራል። አንዱ ዲቴክተር ከጎረቤቱ ይልቅ ትንሽ አብዝቶ የሚቆጥር ከሆነ፣ የሌለ ፖላራይዜሽን ያለ ይመስላል። ብልሃቱ መሣሪያውን ማሽከርከር ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ዲቴክተር በየተራ ሁሉንም አቅጣጫ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቀችው የናሳዋ ሬሲ ሳተላይት በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ትሽከረከር ነበር። ሆኖም ነጥረው የሚያዙት ፎቶኖች ጥቂት ናቸው፣ ፍንዳታውም ቶሎ ያልፋል። ከምድር አየር ነጥሮ የሚመለሰው ኤክስሬይ ደግሞ ልኬቱን ይበርዘዋል።

እስካሁን የተገኙት ውጤቶች አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ የሶቪየት ኢንተርኮስሞስ ሳተላይቶች 40 በመቶ ገደማ ፖላራይዜሽን ዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሎምቢያ በተባለችው የናሳ የጠፈር መንኮራኩር የተጫነው መሣሪያ ያሳየው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ለኦክቶበር 29 ቀን 2003ቱ (እ.ኤ.አ.) ፍንዳታ ደግሞ የሩሲያው ኮሮናስ-ኤፍ ሳተላይት ከ70 በመቶ በላይ አሳየ። ሬሲ በዋናነት የተሠራችው ለምስልና ለስፔክትረም (ኤክስሬዩን በየጉልበቱ ከፋፍሎ ለማየት) ስለነበር በፖላራይዜሽን በኩል የስህተት ወሰኗ ሰፊ ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ትንሽ ሳተላይት ከትልቅ ሁለገብ መሣሪያ ይሻላል።

ንድፉ ደግሞ ምድር ላይ፣ በኮምፒውተር ነው የሚጀመረው። ጂአንት4 የተባለው የቅንጣት ማስመሰያ ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለ ተማሪም የቤሪሊየሙን ውፍረት በእሱ መሞከር ይችላል። ቀድሞ መሰላት ያለበት ግን መሣሪያው ፖላራይዜሽን በሌለው ኤክስሬይ ምን ያህል የሐሰት ምልክት እንደሚያሳይ ነው።