የመነሻ ግፊት ምንድን ነው? አለቱ በር አይዘጋም

«የመነሻ ግፊቱ ካልሞላ ፈሳሹ ንቅንቅ አይልም፤ አለቱ ዝግ ነው።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ቀዳዳዎቻቸው በጣም ጠባብ ስለሆኑ የከርሰ ምድር አለቶች ይህን በሙሉ ልብ ሲናገር ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። «የመነሻ ግፊት» በሚለው ቃል የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሰውየው ሁለቱን አንድ ላይ አቦክቷቸዋል።

አንደኛው ከካፒላሪ ኃይል (በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ከፈሳሹ ገጽ መወጠር ከሚመጣው ኃይል) የሚመጣው ነው። ውሃ በሞላው አለት ውስጥ ጋዝ ልግባ ቢል፣ በአለቱ ቀዳዳዎች ጠባብ ጉሮሮ ላይ የተወጠረውን የውሃ ገጽ መስበር አለበት። የጉሮሮው ራዲየስ 0.1 ማይክሮሜትር ከሆነና ውሃው አለቱን በደንብ ካራሰው፣ ወደ 1.4 ሜጋፓስካል ያስፈልጋል። ይህ የእውነት ደፍ ነው፤ ጋዝን ከላይ አፍነው የሚይዙ ሽፋን አለቶች የሚሠሩት በዚሁ ነው። ከዚህ ጋር ጸብ የለኝም።

ሁለተኛው የሚለካው በፓስካል ሳይሆን በፓስካል በሜትር ነው፤ ማለትም የግፊት ግራዲየንት (ግፊቱ በየሜትሩ የሚለዋወጥበት መጠን) ነው። አለቱን የሞላው ፈሳሽ አንድ ብቻ ሆኖም፣ ግራዲየንቱ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ፍሰት የለም ይባላል። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ እንይ። የአለት ናሙና ላይ ግፊት እየጨመሩ ፍሰቱን ይመዘግባሉ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 በአሸዋ ላይ ያገኘው፣ ግፊቱ በጨመረ ልክ ፍሰቱም የሚጨምርበት ቀጥ ያለ መስመር ነበር፤ እዚህ ግን ታችኛው ጫፍ ይጎብጣል። ታዲያ የላይኛውን ቀጥ ያለ ክፍል በማስመሪያ ወደ ታች ይስቡና ዜሮን የነካበትን ነጥብ «መነሻ» ይሉታል። ጎባጣው መስመር እኮ ከዚያ ነጥብም በታች ይቀጥላል! ፈሳሹ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

በሮቹ የተለያየ ስፋት ያላቸው አዳራሽ አስቡ። ገፋ ገፋ ሲደረግ በሰፊዎቹ በሮች በኩል ያሉት ይወጣሉ። በጠባቦቹ ግን መቃኑን የሙጥኝ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ግድግዳ ላይ እንደሚጣበቀው ስስ የውሃ ሽፋን መንገዱን ያጣብባሉ። ግፊያው ሲበረታ እነሱም ይላቀቃሉ፣ መንገዱም ይሰፋል። መስመሩ የሚጎብጠው ለዚህ ነው። ውጭ ቆሞ የሚቆጥረው ዘበኛ አንድ ደቂቃ ጠብቆ ማንም ስላልወጣ «በሩ ተቆልፏል» ቢል ግን ጥፋቱ የዘበኛው ነው። (ምሳሌው እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ሰው ሳይገፋም ይወጣል፣ ውሃ አይወጣም።)

የዘበኛው ነገር ቀልድ አይደለም። አሳላፊነቱ (ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ) 1 ማይክሮዳርሲ (የአንድ ዳርሲ ሚሊዮንኛ)፣ የፊት ስፋቱ 5 ካሬ ሴንቲሜትር በሆነ ናሙና ላይ በሜትር 10 ኪሎፓስካል ብናደርግ፣ በዳርሲ ሕግ ራሱ በቀን የሚወጣው ውሃ 0.43 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። አንዲት ጠብታ ለመሙላት አራት ወር ሊጠጋ ነው። የመለኪያው ቱቦዎች ውስጥ ያለው 10 ሚሊሊትር ውሃ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት 0.1 ዲግሪ ቢለዋወጥ የዚያን ቀን ፍሰት ግማሽ ያህል ያብጣል ወይም ይሰበሰባል። ትነት አለ፣ ሽንቁር አለ። ሸክላ ያለበት አለት ከሆነ የውሃው ጨዋማነትም ቀዳዳውን ይለውጠዋል። በዚህ ሁሉ መሀል «ዜሮ ለካሁ» ማለት ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው።

ስለ ጋዝ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ልጨምር፤ በደረቅ ጠባብ አለት ውስጥ ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ግድግዳው ላይ ስለሚንሸራተት አሳላፊነቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ነገሩ ጭራሽ ተገልብጦ ማለት ነው። ወፍራም ድፍድፍ ዘይት ግን ራሱ እንደ ጭቃ ካልተገፋ የማይላወስ ሊሆን ይችላል። ያኔ ደፍ አለ፤ ያመጣው ግን አለቱ ሳይሆን ዘይቱ ነው።

ተንታኙ የመጨረሻ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው፣ ፈሳሽ ከሚወጣበት ጉድጓድ 100 ሜትር ርቆ ያለው አለት በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም የግፊት ለውጥ አለማሳየቱን ነው። ቀዳዳነቱ (ከአለቱ መጠን ውስጥ የቀዳዳዎቹ ድርሻ) 10 በመቶ፣ አሳላፊነቱ 1 ማይክሮዳርሲ በሆነ፣ ውሃ በሞላው አለት ውስጥ የግፊት ለውጥ 100 ሜትር ለመጓዝ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ አሳላፊነቱ 1 ዳርሲ በሆነ አሸዋማ አለት ውስጥ ግን 20 ደቂቃ አይሞላም። እሱ የጠበቀው ሁለት ዓመት ነው።