«ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» እና ሌሎች የምንሸወድባቸው አባባሎች

«ችግር የለም፣ ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል።» ቀረጻ ላይ ይህን ያላለ ማን አለ? እኔም ስንቴ ብያለሁ። ቀለም ይታረማል፣ ትንሽ የተንቀጠቀጠ ምስል ይረጋጋል። ፎከስ የሳተ ፊት ግን አይመለስም፤ ያልተቀረጸ ነገር ደግሞ ከየትም አይመጣም።

«ብዙ ከቀረጽኩ ታሪኩ አይጠፋም።» ኧረ ይጠፋል! እዛው ክምር ውስጥ ነው የሚጠፋው። ስድስት ሰዓት ቀረጻ አንዴ ለማየት ብቻ ስድስት ሰዓት ይበላል፣ ሰው ደግሞ ይሰንፍና እየዘለለ ያያል። ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ ጻፉ፦ «ክሊፕ 14፣ 2፡10 ላይ፣ እየሳቀች ድንገት ዝም ትላለች።» ከሳምንት በኋላ የምትፈልጉት ያቺን ዝምታ ነው። ካልጻፋችኋት አታገኟትም።

«ፎልደር ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው።» አንዴ ፕሮጀክት ጀምሬ መሀል ላይ ፎልደሮቹን «ላሳምር» ብዬ ስም ቀየርኩ። ስመለስ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) በሙሉ ቀይ፣ ቪዲዮዎቹ አልተገኙም ማለት ነው! ሶፍትዌሩ ቪዲዮውን ውስጡ አያስቀምጠውም፣ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ ስም የሚሰጠው ከመጀመራችሁ በፊት ነው። ደግነቱ በዚሁ ምክንያት ታይምላይን ላይ የቆረጣችሁት ነገር ዋናውን ፋይል አይነካም፣ አትፍሩ፣ ቁረጡ። ሚሞሪ ካርዱን ግን ቀረጻው ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳታደርጉ።

«ትራንዚሽን ሲበዛ ፕሮፌሽናል ይመስላል።» አይመስልም። የምትወዱትን ፊልም ክፈቱና ቁጠሩ፣ አብዛኛው ደረቅ ቁርጥ ነው፦ ያለ ምንም የመሸጋገሪያ ጌጥ አንዱ ምስል ያልቃል፣ ሌላው ወዲያው ይጀምራል።

«ጥሩ ምስል ራሱ ይናገራል።» ይሄኛው ነው ዋናው ስህተት። ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ሩሲያዊው ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ አደረገው የሚባል ሙከራ አለ። የአንድ ተዋናይን ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ፣ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አያይዞ አሳየ። ተመልካች መጀመሪያ ረሃብ፣ ቀጥሎ ሐዘን አነበበ፤ ፊቱ ግን ያው ነው! ሰዓቱን የሚያይ ሰውዬ ቀርጻችኋል እንበል። ቀጥሎ ባዶ ወንበር ብታስገቡ የሚጠብቀው ሰው አልመጣም፤ ቀጥሎ የታሸገ ሻንጣ ብታስገቡ ደግሞ ሊሄድ ነው። ክሊፑ አልተለወጠም፣ ጎረቤቱ እንጂ። ለዚህ ነው «ይሄ ሾት ያምራል» ብቻውን ክሊፕ ለማስገባት ምክንያት የማይሆነው (አውቃለሁ፣ መጣሉ ያማል)።

«ድምፅ መጨረሻ ላይ ይታያል።» ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይችላል፣ የሚንጫጫ ድምፅ ግን ያስመርረዋል። ደግሞ ድምፅ ራሱ መቁረጫ ነው፦ የሚቀጥለውን ትዕይንት ድምፅ ከምስሉ አንድ ሰከንድ አስቀድማችሁ አስገቡ፣ ቁርጡ አይታወቅም። ቀረጻ ቦታው ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 30 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ቅረጹ። ንግግር ቆራርጣችሁ ስትቀጥሉ በመሀል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው።