የእንግዴ ልጅ መላቀቅ «ክብደት» ምንድን ነው?

«የሚፈሰው ደም ጥቂት ስለሆነ መላቀቁ ቀላል ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰሞኑን ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ በተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ላይ አነበብኩ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይኸው አባባል በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተረኞች ርክክብ ላይም ደጋግሞ ስለገጠመኝ ዝም ብሎ ማለፉ አልሆነልኝም። ደም የሚለካው በሚታየው መጠን ነው ከተባለ፣ በዚህ ሕመም ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋው ክፍል ከመጀመሪያውኑ ከሚዛኑ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅ፣ በሕክምናው አጠራር አብራፕሽን፣ በትክክለኛ ቦታው ላይ የተቀመጠ የእንግዴ ልጅ ሕፃኑ ሳይወለድ ከማሕፀን ግድግዳ ሲለይ የሚሰጠው ስም ነው። ከ100 እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ በጥቂቱ ባነሰ ቁጥር ይከሰታል። ከፕሪቪያ ጋር መምታታት የለበትም፤ በፕሪቪያ የእንግዴ ልጁ የተቀመጠው የማሕፀኑ በር ላይ ስለሆነ የሚደማውም መውጫው አጠገብ ነው፣ ስለዚህም ዓይን ያየው ደም ከፈሰሰው ብዙም አይርቅም። ስሕተቱ የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል፦ ለፕሪቪያ በመጠኑ የሚሠራው መለኪያ ምንም በማይሠራበት ቦታ ሥራ ላይ ውሏል።

የተለሰነ ግድግዳ እናስብ። ልስኑ የእንግዴ ልጁ፣ ግድግዳው ደግሞ ማሕፀኑ ነው። ልስን ከጠርዙ ሲላቀቅ ፍርፋሪው ወለል ላይ ስለሚራገፍ ባለቤቱ ወዲያው አይቶ ይደነግጣል። መሐሉ ብቻ ሲላቀቅ ግን ጠርዙ ዙሪያውን እንደያዘ ይቆያል፤ ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙም አልተነካም፣ በስተጀርባ ግን ውሃ እየቋጠረ ልስኑን ከግድግዳው እየገፋው ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወለሉን ጠርጎ ፍርፋሪውን አይመዝንም፤ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል እንጂ። እኛም ሆድ ላይ እጃችንን አሳርፈን የምንቆየው ለዚህ ነው፦ መላቀቁ ሲከፋ ማሕፀኑ እንደ ሳንቃ ይጠነክራል፣ ሲነካ ያማል፣ በሁለት ቁርጠት መካከልም እንደ ወትሮው አይላላም። እርጥበት ጡቡ ውስጥ እንደሚሰርግ ሁሉ ደሙም ወደ ማሕፀኑ ጡንቻ ሰርጎ ሊገባ ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ማሕፀኑ ጠቁሮ ወይን ጠጅ መስሎ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከ10 መላቀቆች በአንዱ ወይም በሁለቱ ደሙ ጭራሽ ወደ ውጭ አይወጣም። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ልስን ቤቱን አይመግብም፣ የእንግዴ ልጅ ግን የፅንሱ ብቸኛ የኦክስጅን ምንጭ ስለሆነ ከግማሽ በላይ ሲላቀቅ ፅንሱ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ደግሞም የእንግዴ ልጁ በማሕፀኑ የኋላ ግድግዳ ላይ ከሆነ ሆዱ ለስላሳ ሆኖ ምልክቱ የጀርባ ሕመም ብቻ ሊሆን እንደሚችል ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ማንኳኳትም ቢሆን የሚደርሰው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ነው።

ታዲያ ክብደቱ የሚለካው በምንድን ነው? በእናቲቱ ሁኔታ፣ በፅንሱ ሁኔታ እና በደሟ የመርጋት ዐቅም ነው። በሰፊው የተለመደው አከፋፈል ከ0 እስከ 3 ይሄዳል። በደረጃ 1 ጥቂት ደም ይታያል፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ በደረጃ 2 የፅንሱ የልብ ምት ይዛባል፣ ማሕፀኑ ይጠነክራል፣ የእናቲቱ ልብም መፍጠን ይጀምራል፤ በደረጃ 3 ፅንሱ ሞቷል ወይም እናቲቱ ሾክ ውስጥ (ደም ለአካሏ በበቂ የማይደርስበት ሁኔታ) ገብታለች፣ ደሟም መርጋት ሊያቆም ይችላል። ደረጃ 0 የሚባለው ከወሊድ በኋላ የእንግዴ ልጁ ሲገለበጥ የረጋ ደም ተጣብቆበት ሲገኝ ብቻ የሚታወቀው ነው፤ ስለዚህ ገና ያልወለደችን ሴት «ደረጃ 0 ነሽ» ማለት ትርጉም የለውም። ከደረጃ ደረጃ የሚያሻግረው ሞዴስ ላይ የታየው ደም እንዳልሆነ አንባቢው ያስተውልልኝ።

የእናቲቱን ሁኔታ መመዘን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በእርግዝና የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር ብዙ ደም ፈስሶም የደም ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ይቆያል። ከመላቀቅ ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ የደም ግፊት መሆኑ ደግሞ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል። ስትገባ ግፊቷ 170/110 የነበረ አንዲት እናት ከጥቂት ጊዜ በኋላ 120/80 ስትሆን «ግፊቷ ተስተካክሏል» ተብሎ ሲነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የልብ ምቷ 118 ነበር። የልብ ምትን ለላይኛው የግፊት ቁጥር አካፍለን 0.9 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘን ልንነቃ ይገባል፤ የእሷ 0.98 ነበር። ሞዴሷ ላይ ያለው ደም መዳፍ አይሸፍንም፣ ከእንግዴ ልጁ ጀርባ የወጣው የረጋ ደም ግን በሁለት እጅ ታፍሶም አላለቀም። የሄሞግሎቢን ውጤትም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አያስተማምንም፤ የሚፈሰው ደም ከነሴሉ ከነውሃው ስለሆነ የቀረው እስኪቀጥን ድረስ ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል።

የመርጋት ዐቅምን በተመለከተ፣ ላቦራቶሪ ካለ ደምን የሚያረጋው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ይለካል፤ በእርግዝና መጨረሻ መጠኑ ስለሚጨምር፣ ላላረገዘ ሰው ደኅና የሚባለው በሊትር 2 ግራም እዚህ የአደጋ ምልክት ነው። ላቦራቶሪው ከራቀ 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ተቀድቶ በጭብጥ ይሞቃል፤ ከ4 ደቂቃ በኋላ ቱቦው ቀስ ብሎ ይዘነበላል፣ ከዚያም በየደቂቃው። በ7 ደቂቃ ውስጥ ካልረጋ ወይም የረጋው ለስልሶ በቀላሉ የሚፈርስ ከሆነ የሚታየው ደም ጠብታ ቢሆንም ጉዳዩ ከባድ ነው።

ያነበብኩት ጽሑፍ አክሎም «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ከሆነ ስጋት የለም» ይላል። ትኩስ ደም በአልትራሳውንድ ላይ ከእንግዴ ልጁ ጋር ተመሳሳይ ጥላ ስለሚኖረው መሣሪያው ከግማሽ የሚበልጡትን መላቀቆች ያልፋቸዋል። «ታየ» ሲል ልናምነው እንችላለን፣ «አልታየም» ሲል ግን ነገሩ የለም ማለት አይደለም። አልትራሳውንዱን የምናዘው በዋናነት የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ ነው፤ ይህ ሳይታወቅ በጣት የውስጥ ምርመራ ማድረግ፣ ነገሩ ፕሪቪያ ሆኖ ቢገኝ፣ ከባድ መድማት ሊያስነሣ ይችላል።

በጥናቶች ውስጥ «ከባድ መላቀቅ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ስላለው ያንንም ላስታውስ። አንዳንዶቹ ሕፃኑ ያለጊዜው መወለዱን ራሱን የከባድነት መስፈርት አድርገው ይቆጥሩታል። ሕፃኑ ያለጊዜው የተወለደው ግን ብዙ ጊዜ እኛ እንዲወለድ ስለወሰንን ነው፤ ፈርተን አዋልደን፣ ያለጊዜው ስለተወለደ «ከባድ ነበር» ብንል ውሳኔያችንን በራሱ በውሳኔያችን እያስመሰከርን ነው። ስለዚህ ከጥናት የተወሰደን መቶኛ ለአንዲት ታካሚ ከመንገር በፊት መስፈርቱን ማንበብ ይገባል። የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጋቲቭ ለሆነች እናትም «ጥቂት ደም ነው» የሚለው ማጽናኛ አይሠራም፤ የፅንሱ ደም ወደ እሷ ሊተላለፍ ስለሚችል ሰውነቷ በዚያ ደም ላይ ፀረ እንግዳ አካል እንዳያመርት የሚከላከለው የፀረ-ዲ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊሰጣት ይገባል።

ደረጃው የሚናገረው ስለተመረመረችበት ደቂቃ ብቻ ነው፤ መላቀቁ ሊቆም ይችላል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ሊሰፋ ይችላል። አብረውኝ የሚሠሩትን ተለማማጆች ካርድ ላይ ደረጃውን ብቻውን እንዳይጽፉ የምጨቀጭቃቸው በዚህ ምክንያት ነው፦ «ደረጃ 1፣ ከጠዋቱ 3:20፣ የልብ ምት 92፣ የፅንሱ ልብ 144፣ ማሕፀን ለስላሳ» ተብሎ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው መስመር ደግሞ 3:50።