የሳይንሳዊ ልብ ወለድ የበረሃ ፍጥረታት፦ የትኞቹ በሕይወት መኖር ይችሉ ነበር?

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ በረሃ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አሸዋው ሥር ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ፤ ያውም ግዙፍ። ከሁሉም የገነነው በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» የአሸዋ ትል ነው። ርዝመቱ በመቶዎች ሜትር ይቆጠራል፤ ኮቴ ሰምቶ ይመጣል፤ ውሃ ይገድለዋል።

ኮቴ መስማቱ ያስኬዳል። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ባለው ናሚብ በረሃ የሚኖረው ወርቃማ ፍልፈል ዓይኑ በቆዳ የተሸፈነ ነው። ሆኖም ራሱን አሸዋ ውስጥ ነክሮ በንዝረት ምስጥ ያድናል። አሸዋ ውስጥ መዋኘትም አለ። በሰሜን አፍሪካና በዓረብ ምድር የሚገኝ አንድ እንሽላሊት እግሮቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ ሰውነቱን እያጥመለመለ ከአሸዋ በታች ይሄዳል። ተመራማሪዎች ይህን በኤክስሬይ ቀርጸውታል።

ግን ይህ እንሽላሊት ከስንዝር ብዙም አያልፍም፤ የሚዋኘውም ላይ ላዩን ነው። በጠለቁ ቁጥር አሸዋው ይከብዳል። መጠኑም ሌላ ጣጣ አለው። አንድ እንስሳ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ቢያድግ ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የጡንቻው ጉልበት ግን ወደ 4 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው። በቆዳው የሚተነፍስ ትል ከሆነማ፣ ቆዳውም የሚሰፋው 4 እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ አለቀለት።

ውሃ ማጣት ብዙ አያስጨንቅም። ካንጋሮ አይጥ ውሃ ሳይጠጣ ይኖራል፤ ከበላው ደረቅ ፍሬ ሰውነቱ ራሱ ውሃ ያወጣል። የናሚብ ጢንዚዛ ደግሞ ጉም ሲመጣ በአናቱ ተዘቅዝቆ ይቆማል፤ ጀርባው ላይ የተጠራቀመው ጠብታ ወደ አፉ ይወርዳል።

ዋናው ጥያቄ ምግብ ነው። በልብ ወለዱ ትሉ «ቅመም» የተባለ ውድ ንጥረ ነገር ይበትናል፤ ቅመሙን የአሸዋ ፕላንክተን የተባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ይመገባሉ፤ ፕላንክተኑን ደግሞ ትሉ ይበላዋል። ዑደቱ ያምራል፤ ከውጭ የሚገባ ጉልበት ግን አይታይበትም። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 30 ሜትር ገደማ የሚደርሰው በፀሐይ ብርሃን ከሚበቅሉ ደቃቅ የባሕር እፅዋት የሚጀምር ሰንሰለት ስለሚመግበው ነው። አሸዋ ሥር ብርሃን የለም። ተሽከርካሪ መዋጥም ለፊልም ያምራል እንጂ ሆድ አይሞላም።

እኔን የሚያሳምነኝ ፍጥረት ትንሽና እንቅልፋም ነው። ነፋስ ወደ አሸዋው ክምር ግርጌ የሚያመጣውን የደረቀ ሣርና የሞተ ነፍሳት ስብርባሪ ይለቅማል፤ ናሚብ ውስጥ ብዙ ጢንዚዛዎች የሚኖሩት በዚሁ ነው። የቀረውን ጊዜ ተቀብሮ ይተኛል። በሰሜን አሜሪካ በረሃዎች የሚኖሩ አንዳንድ ጉርጦች የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል መሬት ውስጥ ያሳልፋሉ። ዝናብ ሲወርድ ወጥተው ይራባሉ። ልጆቻቸውም ኩሬው ሳይደርቅ እግር ለማውጣት ይሽቀዳደማሉ።