የሕፃናት የጥርስ ጤና ጥበቃ በኢትዮጵያ፦ ከአካባቢ አካባቢ ያለው ልዩነት

በኢትዮጵያ አንድ ልጅ ጥርሱ ሳይታመም በባለሙያ የመታየት ዕድሉን በአብዛኛው የሚወስነው የተወለደበት ቦታ ነው። የጥርስ ሐኪሞች በብዛት ያሉት በአዲስ አበባና በጥቂት የክልል ከተሞች ነው። በገጠር ለሚኖር ቤተሰብ ቅርቡ ተቋም ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ እዚያም ልጁ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ማስታገሻና ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ የሪፈር ወረቀት ነው። በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ እንዳይቦረቦር ስንጥቁን ማሸግ፣ ጥርስን ፍሎራይድ (ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን) መቀባትና የመሳሰሉት አገልግሎቶች ከግል ክሊኒኮችና ከማስተማሪያ ሆስፒታሎች ብዙም አልወጡም። ስለዚህ ብዙ ልጆች የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት ጥርሳቸው ሊነቀል ነው።

ስምጥ ሸለቆ

በዚህ ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ የተጠናው ስምጥ ሸለቆ ነው። ከመተሐራና ከአዳማ አንሥቶ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) በኩል እስከ ሐዋሳ በሚዘልቀው ምድር፣ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩት ዐለቶች ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በአካባቢው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያላቸው የጉድጓድ ውሃዎች አሉ፤ በሻላና በአቢጃታ ሐይቆች ደግሞ መጠኑ ከ100 ሚሊ ግራም ያልፋል።

ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል። ከልክ ሲያልፍ ግን ቋሚው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዘመን፣ ማለትም ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ የጥርሱን የላይኛ ሽፋን ያበላሻል። ልጁ የወተት ጥርሱን ሲቀይር አዲሱ ጥርስ ነጭ ነጠብጣብ፣ ሲብስም ቡናማ መስመርና ጉድጓድ ይዞ ይወጣል። እንዲህ የበለዘ ጥርስ በመፋቅ አይለቅም። መከላከል የሚቻለው ከ8 ዓመት በፊት ነው፤ መከላከያውም ውሃው ነው።

በአዳማ አጠገብ የሚገኘው ወንጂ ይህን በግልጽ ያሳየ ቦታ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ሠራተኛ ተሰበሰበ፤ በየካምፑም የጉድጓድ ውሃ ይጠጣ ነበር። አባትየው ጎልማሳ ሆኖ የመጣ በመሆኑ ጥርሱ እንደነበረ ሲቆይ፣ ካምፑ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ልጁ ግን የበለዘ ጥርስ አበቀለ። ከዓመታት በኋላ አባትየውም አልተረፈም፤ በርካታ ነባር ሠራተኞች አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው ደርቆ ጎንበስ ማለት ተሳናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ከተወለዱ ጀምሮ ከኖሩት ከተመረመሩ ሕፃናት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ (በፍሎራይድ ብዛት የሚመጣ የጥርስ መበለዝ) ተገኝቶባቸዋል። ይህ ሥራ በአገር ልጆች ተመራማሪነት ከተሠሩት የጤና ጥናቶች ሁሉ ጎልቶ ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ለእናቶች የሚሰጠው ምክር እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ እንዲያውም የቀረው ይወፍራል። ውሃ አጋር የተባለው የክሎሪን ማከሚያም ቢሆን ለጀርም እንጂ ለፍሎራይድ አይሠራም። ሊጡ በዚያው ውሃ ይቦካል፣ ወጡም ይሠራበታል፤ የሻይ ቅጠል ደግሞ ራሱ ፍሎራይድ አለው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም፣ ከደጋ ምንጭ በቧንቧ መሳብ፣ በአልም (አሉሚኒየም ሰልፌት) እና በኖራ ወይም በአጥንት ከሰል ማጣራት ተሞክረዋል። ማጣሪያ በየጊዜው መታደስ ስለሚፈልግ፣ ሲተከል እየሠራ በኋላ ተረስቶ የቀረው ጥቂት አይደለም። ከሁሉ ዘላቂ የሚመስለው የቧንቧው መንገድ ነው።

ደጋው

በደጋ አካባቢዎች የምንጭና የወንዝ ውሃ ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው፤ ችግሩም የተገላቢጦሽ፣ የጥርስ መቦርቦር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት፣ በባሕር ዳር ከተመረመሩ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች 21.8 በመቶ የሚሆኑት የተቦረቦረ ጥርስ ነበራቸው። በገጠር ከወይራና ከልምጭ የሚቆረጠው መፋቂያ ዛሬም የቤተሰብ መገልገያ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ቆሻሻን በደንብ ያነሣል። ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ወደ ገጠር ሱቆች የደረሱት ግን ፍሎራይድ ካለው የጥርስ ሳሙና ቀድመው ነው።

በብዙ አካባቢዎች ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ድዱን ቀድዶ ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ባልጸዳ ስለት የሚደረግ በመሆኑ ለቴታነስና ለደም መፍሰስ ያጋልጣል፤ ከሥሩ ያለውንም የቋሚ ጥርስ እምቡጥ ይጎዳል። ልማዱ እየቀነሰ መሆኑ ይነገራል፤ በሁሉም አካባቢ እኩል ነው ለማለት ግን ያስቸግራል።

አፋር፣ ሶማሊ፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ

በእነዚህ ክልሎች የተሰበሰበው መረጃ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ የጥርስ ባለሙያም የሚገኘው በዋና ዋና ከተሞች ነው።

ባለሙያና ተቋም

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ16 ጥቅሎች ሲዋቀር ጥርስ ራሱን የቻለ ጥቅል አልተሰጠውም። ቢሆንም በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሠራተኞች ያህል ለሕፃናት ጥርስ ጥበቃ የሚቀርብ ኃይል የለም፤ ክትባት የምትከታተል እኅት በዚያው ጉብኝት የልጁን አፍ ከፍታ ማየት ትችላለች። የጥርስ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ውጭ መሠልጠናቸው ትልቅ እርምጃ ሆኗል። በተለይ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርትን በአገራችን ያስፋፋው የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹን ከክሊኒኩ አውጥቶ ወደ ቀበሌና ትምህርት ቤት በመላክ ለደቡብ ምዕራቡ ያበረከተው ቀላል አይደለም። ተመራቂዎች የት ሄደው ይሠራሉ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወንበርና የራጅ መሣሪያ በሌለበት የወረዳ ሆስፒታል የተመደበ ሐኪም መንቀል እንጂ መከላከል አይችልም።

የጥርስ ሳሙና

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ለልጆች የሚመከረው መጠን ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል ሆኖ፣ ወላጅ አጠገባቸው ቆሞ እንዲተፉት ማድረግ ነው። ለጎጃም ወይም ለወሎ ደጋ ልጅ ይህ ሳሙና እጅግ ያስፈልገዋል። የመቂ ልጅ ግን በየቀኑ የሚጠጣው ውሃ ፍሎራይዱ የበዛ በመሆኑ ሳሙናውን እንዳይውጥ የበለጠ ክትትል ያሻዋል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ከሳሙናው በፊት ቤተሰቡ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ መጠየቅ ይኖርበታል።