ስለ ሄፓታይተስ ሲ በየቤቱ የምንሰማው እና እውነታው

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ደም እቀዳለሁ፣ እመረምራለሁ፣ ውጤት እጽፋለሁ። ሄፓታይተስ ሲ የተገኘበት ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። «ስንት ዓመት ቀረኝ?» እና «ከልጆቼ ጋር መብላት እችላለሁ?» «መድኃኒቱን መቼ ልጀምር?» የሚለኝ በጣም ጥቂት ነው። መቅደም የነበረበት ግን ይሄኛው ጥያቄ ነበር። ሄፓታይተስ ሲ በቫይረስ የሚመጣ የጉበት በሽታ ነው፤ ዛሬ በሦስት ወር ክኒን ይድናል። በክኒኑ የሚድነው ግን መያዙን ያወቀ ሰው ብቻ ነው። እንዳናውቅ የሚያደርጉን ደግሞ ከታች ያሉት ወሬዎች ናቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ናት ያመጣችው»

ያደግነው በዚህ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ይባላል። ከዚያ ወደ መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል።

የዓይን ቢጫነት በራሱ በሽታ አይደለም። ጉበት መጎዳቱን ወይም የሐሞት መንገድ መዘጋቱን የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። መንስኤው ብዙ ነው። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣሉ። ሲ ግን በደም፣ ቢ ደግሞ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ነው የሚተላለፉት። የሌሊት ወፍ የለችበትም። የሲ ቫይረስ ማንነቱ የታወቀው በ1989 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች እንኳ ስም አጥተውለት «ኤም ቢም ያልሆነው» ይሉት ነበር። ወደ ግኝቱ ያደረሱት ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሆውተን እና ቻርለስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ታዲያ ቅጠሉ «አዳነኝ» የሚሉ ሰዎች ለምን በዙ? እየዋሹ አይደለም። ሄፓታይተስ ኤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይድናል። ቢጫው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በዚያው ሰሞን የተጠጣው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። በሄፓታይተስ ሲም ከተያዙ 10 ሰዎች ሦስቱ ገደማ በስድስት ወር ውስጥ ያለ ሕክምና ከቫይረሱ ነፃ ይሆናሉ። የቀሩት ሰባቱ ግን ይዘውት ይኖራሉ። ለእነሱ ቅጠል የሚያደርገው ነገር ጊዜ ማባከን ነው። አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ራሱ ጉበት ይጎዳል።

«ምንም አያመኝም፤ ለምን እመረመራለሁ?»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉበት ቻይ ነው። ግማሹ እየተጎዳ እንኳ ሥራውን ይሠራል። ሰውየው ይበላል፣ ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ይድራል። ቢበዛ ትንሽ ድካም ይሰማዋል፤ እሱንም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቫይረሱ ግን በየቀኑ ጉበቱን ያቆስላል፤ ቁስሉ ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ቫይረሱን ይዘው ከቀሩት ሰዎች ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳ ወደሚሞላበት ደረጃ ይደርሳሉ። ሆድ በውሃ መነፋት፣ ደም ማስታወክ፣ የጉበት ካንሰር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኑ እስኪቢጫ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ይህን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሄፓታይተስ ሲ ጋር ይኖራሉ። እስከ 2022 ድረስ መያዛቸውን ያወቁት ከመቶ 36 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት 242 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል። መድኃኒቱ እያለ ማለት ነው።

ጤነኛ የሚመስለውን ሰው መመርመር ምን እንደሚያመጣ ማየት የፈለገ ሩቅ አይሂድ፤ ዓባይን ተከትሎ ይውረድ። ግብፅ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ቢልሃርዝያን ለማጥፋት ለብዙ የገጠር ሰው መድኃኒት በመርፌ ትሰጥ ነበር። ዓላማው ቅን ነበር። መርፌው ግን በደንብ ሳይቀቀል ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ያልፍ ነበር። ያኔ የሲን ቫይረስ የሚያውቀው አልነበረም። አንዱን በሽታ ሲያባርሩ ሌላው በመርፌው ገባ። (ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ መግደል እንደሚቻል በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ያለ መርፌ የሚሠራ ሌላ መንገድ ነበር፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።) ከዓመታት በኋላ ከ10 ግብፃውያን አንዱ የተያዘበት ጊዜ መጣ። ከሕዝብ ብዛት አንጻር በዓለም ከፍተኛው ነበር።

ከዚያ ግብፆች አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰኑ። የታመመው ይምጣ አላሉም። አዋቂው ሁሉ ይመርመር አሉ። ከ2018 ጥቅምት እስከ 2019 ሚያዝያ ባሉት ሰባት ወራት «100 ሚሊዮን ጤና» በተባለው ዘመቻ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመረመረ። በመጀመሪያው ምርመራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ፖዘቲቭ ሆነ። ቫይረሱ የተገኘበት መድኃኒት በነፃ ተሰጠው፤ መድኃኒቱም እዚያው አገር ይመረት ነበር። በአሥር ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ባለ ጊዜ ከመቶ 10 የነበረው የተያዘ ሰው ከመቶ 0.38 ሆነ። በ2023 ጥቅምት የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅን ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ «ወርቅ» ደረጃ የደረሰች የመጀመሪያዋ አገር ብሎ እውቅና ሰጣት።

አዲስ ክትባት አልተገኘም፤ ዛሬም ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም። የተደረገው ያላመመውን ሰው ደም ማየት ነው።

«የሱሰኛና የሴሰኛ በሽታ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም»

በአሜሪካና በአውሮፓ ዋናው መተላለፊያ አደንዛዥ ዕፅ የሚወጋበትን መርፌ መጋራት ነው። ወሬው የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ቫይረሱ ግን የሰው ጠባይ አይመርጥም። ደም ከደም የተገናኘበት ቦታ ሁሉ መንገዱ ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እናስብ። በልጅነት እንጥል የተቆረጠ፣ በሰፈር የተገረዘ፣ ድዷን ወይም አንገቷን የተነቀሰች፣ ዋግምት የታገመ፣ ጥርሱን በየትም ያስነቀለ፣ በአንድ ምላጭ ከወንድሙ ጋር የተላጨ፣ ክሊኒክ ባልሆነ ቤት መርፌ የተወጋ ስንት ሰው አለ? ደም የተለገሰውስ? አሜሪካ እንኳ የለጋሾችን ደም ለሄፓታይተስ ሲ መመርመር የጀመረችው በ1990 ነው፤ የተሻለው መመርመሪያ የመጣውም በ1992 ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በ2012 ከ1945 እስከ 1965 የተወለዱት ሁሉ ይመርመሩ አለ። በ2020 ደግሞ ዕድሜው 18 የሞላ አዋቂ ሁሉ ቢያንስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ነፍሰ ጡር ሁሉ ደግሞ በየእርግዝናዋ ትመርመር አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሐኪም «ተወግተህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰው ወይ ያፍራል ወይ ይረሳል። የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ የተወጋውን መርፌ ማን ያስታውሳል? ሁሉም ሲመረመር ማንም ጣት አይቀሰርበትም። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እናትና አባታችሁ ከአገር ቤት መጥተው ከሆነም አብራችሁ አስመርምሯቸው።

«ከአንድ ትሪ መብላት ያስተላልፋል»

አያስተላልፍም። በጉርሻ አይተላለፍም። በአንድ ብርጭቆ፣ በመሳሳም፣ በመተቃቀፍ፣ በሳል፣ በትንኝ አይተላለፍም። እናት ማጥባት ትችላለች፤ የጡቷ ጫፍ ተሰንጥቆ እየደማ ከሆነ ብቻ እስኪድን ከዚያ ጡት ታቋርጣለች። ሰሃኑ ተለይቶ ለብቻው የሚበላ አባት ሳይ ልቤ ይሰበራል። በሽታው ያላደረሰበትን ጉዳት እኛ እናደርስበታለን።

መለየት ያለበት ደም የሚነካው ነገር ነው። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫ። በቃ።

ከእናት ወደሚወለደው ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ያህል ነው። አንድ ለአንድ በጸኑ ባልና ሚስት መካከል በግብረ ሥጋ መተላለፉ በጣም ጥቂት ነው፤ ኤችአይቪ ካለ ግን ይጨምራል።

«ፖዘቲቭ ካሉኝ አለቀ፣ በሽታው አለብኝ»

በሥራዬ ብዙ ዕንባ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

በመጀመሪያ የሚደረገው ምርመራ ቫይረሱን አያይም። አንቲቦዲን ነው የሚያየው፤ ሰውነታችን ቫይረሱን ሲያገኝ የሚሠራውን መከላከያ። ጠዋት ደጃችሁ ጭቃው ላይ የጅብ ዱካ ብታዩ ጅብ ማለፉን ታውቃላችሁ። ግቢ ውስጥ ይኑር አይኑር ግን ዱካው አይነግራችሁም። አንቲቦዲም እንደዚያ ነው። በራሱ የዳነም፣ በመድኃኒት የዳነም፣ ዛሬ ቫይረሱ ያለበትም ሰው ፖዘቲቭ ይሆናል።

ቫይረሱ ራሱ መኖሩን የሚነግረን ሁለተኛው ምርመራ ነው፤ አርኤንኤ ወይም የቫይረስ መጠን ይባላል። ለቲቢ ምርመራ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ተገቢው ካርትሬጅ (ናሙናው የሚገባበት ዕቃ) ካለው ይህንንም ይሠራል። ያለ ሁለተኛው ምርመራ ሰውን ታማሚ ማለት ልክ አይደለም። ሁለተኛውን ሳያደርጉ ወደ ቤት መሄድም ልክ አይደለም።

«የጉበት ምርመራ ተደርጎልኝ ደህና ነህ ተብያለሁ» የሚልም አለ። ያ ብዙውን ጊዜ የኢንዛይም፣ ማለትም ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር፣ ልኬት ነው። ቫይረሱ እያለም ኢንዛይሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ስሙ ተጠርቶ ካልታየ አልታየም።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆቻችን ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ለጉዞ የሚጠየቀው የሕክምና ምርመራ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ አሉበት። ውጤቱ ሲመጣ አንዷ «አላለፍሽም» ትባላለች። ወረቀቱን ደብቃ፣ አፍራ፣ አልቅሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቤተሰቧ የተበደረውን ብር ታስባለች እንጂ ጉበቷን የሚያስብላት የለም። እህቴ፣ ያ ወረቀት ከጉዞው ይበልጣል። ይዘሽው ሆስፒታል ሂጂ። «አርኤንኤ ይታይልኝ» በይ። ምናልባት ቫይረሱ የለብሽም። ካለብሽም በወጣትነትሽ፣ ጉበትሽ ሳይጎዳ መገኘቱ ትልቅ ዕድል ነው።

«መድኃኒት የለውም፤ ቢኖርም ከበሽታው ይብሳል»

ይህ በአንድ ወቅት እውነት ይመስል ነበር። የድሮው ሕክምና ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር። እስከ 48 ሳምንት ይወሰዳል። ትኩሳት፣ የፀጉር መሳሳት፣ ከባድ ድብርት ያመጣል። ያን ሁሉ ችሎም የሚድነው ግማሽ ያህሉ ነበር።

አሁን ክኒን ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ8 እስከ 12 ሳምንት። ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ ይድናሉ። ሶፎስቡቪር የተባለው መድኃኒት በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የአንድ ክኒን ዋጋ 1,000 ዶላር፣ ሙሉው ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር። ግብፅ ተደራድራ በ2014 ሙሉውን ሕክምና በ900 ዶላር ገዛችው። ዛሬ ለድሃ አገሮች የሚቀርበው ሙሉ ሕክምና እስከ 60 ዶላር ወርዷል። እኛ አገር በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ፣ መመላለስ፣ መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ደስ የሚለው ነገር ድካሙ ማለቂያ ያለው መሆኑ ነው። እንደ ስኳር ወይም እንደ ግፊት ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

«የሄፓታይተስ ክትባት ወስጃለሁ»

የወሰዳችሁት ብዙውን ጊዜ የቢ ነው። በጣም ጥሩ አድርጋችኋል፤ ግን ከሲ አይከላከልም። የሲን ሕክምና ከመጀመር በፊትም ቢ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት፤ ሲ ሲታከም ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ስለሚችል። ስለዚህ ስትመረመሩ ሁለቱንም አንድ ላይ አስደርጉ።

«ከዳንኩ በኋላ አይመለስብኝም»

የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል። አንቲቦዲው ዘብ አይቆምለትም። ጉበቱ ጠባሳ ከያዘ በኋላ የዳነ ሰው ደግሞ ካንሰር ቢመጣ ቶሎ እንዲታይ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሳት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዳናችሁ በኋላም አንቲቦዲው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቀራል። ለሥራ፣ ለጉዞ ወይም ደም ለመለገስ ብትመረመሩ መመርመሪያ ኪቱ እንደገና ሁለት መስመር፣ ማለትም ፖዘቲቭ፣ ያሳያል። ሕክምናው ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ የተሠራውን «ቫይረስ አልተገኘም» የሚለውን ውጤት ከልደት ካርዳችሁና ከቤት ካርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ኮፒውንም አንሱ።