አመክሮ፦ ሁለት ሦስተኛው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል?

ጅማ ማረሚያ ቤት ታራሚ ያላችሁ ወገኖች ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ስላነሳችሁ፣ ስለ አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ ግዴታ ተሰጥቶ ስለ መፈታት ብቻ ላስረዳ። ምሕረትና ይቅርታ ሌላ መንገድ ናቸው፤ አትቀላቅሏቸው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት፣ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ነው። የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ ማረሚያ ቤቱ አይደለም፤ ማረሚያ ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ታራሚውም ራሱ ማመልከት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። 6 ዓመት የተፈረደበት ሰው 72 ወር አለበት፤ ሁለት ሦስተኛው 48 ወር ነው። ከፍርዱ በፊት 8 ወር ታስሮ ከነበረ ያ ይታሰብለታል፤ ስለዚህ ከፍርዱ ቀን በኋላ የሚቀረው 40 ወር ነው። እባካችሁ የፍርዱን ግልባጭ አውጥታችሁ የተያዘበት ቀን በትክክል መጻፉን እዩ። ቀኑ ካልሰፈረ ወይም ከተሳሳተ፣ ሰው የማይገባውን ወራት እስር ቤት ያድራል፤ ቶሎ አመልክቱ።

ቀኑ መድረሱ ብቻውን ግን አያስፈታም። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉ መታየት አለበት፤ የበደለውንም በአቅሙ መካስ አለበት። ካሣ ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙን ወይም የዕርቁን ሰነድ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ፤ በቃል ብቻ መናገር አይበቃም።

ከመዝገብ መዝገብ የሚለያየው የጠባይ ምዘናውና የወንጀሉ ዓይነት ነው፤ ወንጀል ልማድ ላደረገ ሰው አመክሮ አይፈቀድም። የተፈታ ሰውም የተሰጠውን ግዴታ ከጣሰ ፍርድ ቤቱ አመክሮውን ሊሰርዝበት ይችላል።